አሮጌውና አዲሱ የቤት ዕቃ እንዲግባቡ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ዘመናዊ የቤት ዕቃዎች እንድናገር ሲያዘኝ "ስለ አምፖልና ስለ በር ደወል ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋል?" ያላችሁ አላችሁ። እውነታችሁን ነው። ማኅበራችን የተቋቋመው በኀዘን፣ በሕመም፣ በወሊድና በሥራ ማጣት ጊዜ ለእህት ለመድረስ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ዓመት አባሎቻችን ደውለው የጠየቁኝን ሦስት ጥያቄዎች ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው። አንዷ "ልጄ አዲስ ራውተር ካስገባ ወዲህ የበሩ ካሜራ ጠፋብኝ" አለችኝ። ሁለተኛዋ "እናቴ ብትወድቅ የምትጫነው የአንገት ደወል መሥራት አቁሟል" አለችኝ። ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ከቤቱ ከወጣ ዓመት ያለፈው ሰው ሌሊት ሌሊት የቤቴን ሙቀት ይቀያይርብኛል" አለችኝ።

ሦስቱም ጥያቄዎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። በየቤታችን አሮጌና አዲስ ዕቃ ተቀላቅሏል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚግባባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማን ስም እንደተመዘገበ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እኛ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሴቶች አብዛኞቻችን በፈረቃ እንሠራለን፤ ልጅ ብቻውን በሩን ከፍቶ ይገባል፤ እናት ቀን ብቻዋን ትውላለች። ስለዚህ በሩ፣ ደወሉና ካሜራው ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ አይደሉም።

በመጀመሪያ፣ ዕቃዎቹ ለምን አይግባቡም የሚለውን እንይ። መርካቶን አስቡ። አንዱ ነጋዴ ጉራጊኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ፣ ሌላው አማርኛ ይናገራል። ሁሉም ጤነኞች፣ ሁሉም ብልኆች ናቸው፤ ግን አስተርጓሚ ወይም የጋራ ቋንቋ ከሌለ ገበያው አይሞቅም። የቤት ዕቃዎችም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዶቹ በዋይፋይ ይነጋገራሉ። አንዳንዶቹ ዚግቢ የሚባለውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ ብዙ አምፖሎችና ትንንሽ የበር መከታተያዎች የዚህ ወገን ናቸው። ሌሎቹ፣ በተለይ የቆዩ የበር ቁልፎችና የጥበቃ ዕቃዎች፣ ዚ-ዌቭ ይናገራሉ። ዚግቢና ዚ-ዌቭ ከስልካችን ጋር በቀጥታ አይነጋገሩም። ብሪጅ ወይም ሀብ የሚባል ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋቸዋል። ያ ሣጥን አስተርጓሚያቸው ነው።

እዚህ ላይ ስጦታ ለምትቀባበሉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዚ-ዌቭ በአሜሪካ የሚሠራው በ908 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ሲሆን በአውሮፓ ግን በ868 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ እህታችሁ ከስቶክሆልም ወይም ከፍራንክፈርት ይዛ የመጣችው የዚ-ዌቭ ዕቃ እዚህ ካለው ሣጥን ጋር አይሰማማም። ወደ አዲስ አበባ ስትልኩም ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ። እዚህ መብራቱ 120 ቮልት፣ እዚያ 220 ቮልት ነው። "ከ100 እስከ 240 ቮልት" የሚል የተጻፈበት ቻርጀር ሁለቱም ቦታ ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ሶኬት ወይም ማብሪያ ግን እዚያ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ከባሰም እሳት ያስነሣል።

ይህን የቋንቋ ብዛት ለማቃለል በኦክቶበር 2022 ማተር የሚባል የጋራ ቋንቋ ወጣ። ያወጣው ቀድሞ ዚግቢ አሊያንስ ይባል የነበረውና አሁን ኮኔክቲቪቲ ስታንዳርድስ አሊያንስ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ አፕል፣ አማዞን፣ ጉግልና ሳምሰንግ አብረው ገብተውበታል። የማተር ምልክት ያለበትን ዕቃ ስትገዙ በአይፎንም በአንድሮይድም ማዘዝ ይቻላል፤ ባል በአንዱ፣ ሚስት በሌላው ስልክ ቢጠቀሙ እንኳ ዕቃው ለሁለቱም ይታዘዛል። ሥራ ለማስጀመር በዕቃው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ በስልክ ካሜራ ማንሣት ወይም አጠገቡ ያለውን ቁጥር መጻፍ ይበቃል። ያንን ኮድ አትጣሉት። ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡት፤ ዕቃውን እንደገና ለማስገባት ስትፈልጉ የምትጠየቁት እሱን ነው።

ታዲያ ማተር ወጣ ማለት አሮጌው ዕቃ በአንድ ሌሊት አዲሱን ቋንቋ ተማረ ማለት አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት የተገዛው የዚግቢ አምፖል ዛሬም ዚግቢ ነው። መልካሙ ዜና ግን አስተርጓሚው ሊማርለት መቻሉ ነው። ለምሳሌ ብዙዎቻችሁ ያላችሁ የፊሊፕስ ሂዩ ካሬ ሣጥን በ2023 ማተርን በአዲስ ሶፍትዌር አማካይነት ተምሯል፤ አሮጌዎቹ አምፖሎች በእሱ በኩል ከአዲሶቹ ጋር ይሠራሉ። ከእሱ በፊት የነበረው ክብ ሣጥን ግን ከ2020 ጀምሮ የአምራቹ ድጋፍ ተቋርጦበታል። ስለዚህ አምፖሎቹን ሁሉ አውጥቶ ከመጣል በፊት ሣጥኑን ማየት ነው። ብዙ ጊዜ መቀየር ያለበት አንዱ አስተርጓሚ እንጂ ሃያው ተናጋሪ አይደለም። የዚ-ዌቭ ዕቃ ያላችሁም አትጣሉ፤ አዲሶቹ የዚ-ዌቭ ዕቃዎች ከአሮጌዎቹ ጋር እንዲሠሩ ተደርገው ነው የሚሠሩት።

አዲስ ዕቃ ስትገዙ ደግሞ በማሸጊያው ላይ ከማተር ቀጥሎ "ትሬድ" የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን አንብቡ። ትሬድ ያለበት ዕቃ ቤት ውስጥ መግቢያ በር ይፈልጋል። የአፕል ሆምፖድ ሚኒ፣ ሁለተኛው የጉግል ኔስት ሀብ ወይም አራተኛው የአማዞን ኤኮ ያላት እህት መግቢያው አላት። ከእነዚህ ወይም ይህን ከሚመስል ሌላ ዕቃ አንዱ የሌላት በዋይፋይ የሚሠራውን ብትገዛ ይሻላታል።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ጥያቄ፣ ወደ ራውተሩ ልመለስ። አሮጌ ዕቃዎችና ብዙዎቹ ርካሽ ዕቃዎች የሚሰሙት 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለውን ሞገድ ብቻ ነው። አዲሶቹ ራውተሮች ይህንንና 5 ጊጋኸርትዝን በአንድ ስም ደርበው ያሰራጫሉ፤ አሮጌው ካሜራም ግራ ይጋባል። መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛ፣ በራውተሩ አፕ ውስጥ ለ2.4 ጊጋኸርትዝ የተለየ ስም ስጡ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ለቤት ዕቃዎች ወይም ለእንግዳ የሚሆን ሌላ መረብ መክፈት ይቻላል። ሁለተኛ፣ የጥበቃውን ዓይነት ተመልከቱ። ደብሊውፒኤ 3 ብቻ ከሆነ አሮጌዎቹ አይገቡም፤ 2 እና 3 የተቀላቀለበትን ምረጡ። ሦስተኛ፣ የዋይፋዩን ስም በቀላል የላቲን ፊደልና ቁጥር አድርጉት። በፊደላችን መጻፉ ያስደስታል፤ አንዳንድ አሮጌ ዕቃ ግን ሊያነበው አይችልም።

ራውተር ስትቀይሩ ነገሩን የሚያቀልል አንድ ዘዴ አለ። አዲሱን ራውተር የአሮጌውን ስምና የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል ከሰጣችሁት ዕቃዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው ይገባሉ። ቤታችሁ ሰላም ከሆነ ይህን አድርጉ። ቤቱን ለቆ የወጣ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅና የማታምኑት ሰው ካለ ግን ይህን አታድርጉ። የዚያን ጊዜ ድካሙ ቢበዛም አዲስ ስም፣ አዲስ ቃል ነው የሚያስፈልገው።

ይህ ወደ ሦስተኛዋ ጥያቄ ያደርሰናል፤ ከሁሉም የከበደችው እሷ ናት። እህታችን ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው። ቴርሞስታቱን፣ የበሩን ቁልፍና ካሜራውን ሲያስገባ ሁሉንም በራሱ ኢሜይል የመዘገበው እሱ ነበር። እሷ ስልኳ ላይ አፑ ስለነበራት ዕቃው የእሷም ይመስላት ነበር። ዕቃው ግን የሚያውቀው አንድ ባለቤት ብቻ ነው፤ እሷን እንደ እንግዳ ያያታል። ሰውየው ቁልፉን በእጇ ሰጥቷት ወጣ፤ ቤቱን ግን በስልኩ ይዞት ሄደ። ክረምቱን ሙሉ ሌሊት በብርድ እየተነሡ እሷም ልጆቿም "ማሽኑ አርጅቷል" ሲሉ ከረሙ። ማሽኑ ምንም አልሆነም ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት እህት አስቀድማ አንድ ነገር ታስብ፦ ሰውየው አደገኛ ነው ወይ? ዕቃውን ከእሱ አካውንት ስታወጡት ወይም እንደ አዲስ ስታደርጉት በስልኩ ላይ መልእክት ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈራ ሰው ከሆነ ምንም ከመንካታችሁ በፊት፣ እሱ በማያውቀው ስልክ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ወደሚረዳው ብሔራዊ መሥመር 1-800-799-7233 ደውሉ። ሌሊትም ቀንም ይሠራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት መዝግቡ፤ የቴርሞስታቱንም ቁጥር ፎቶ አንሡ። ማስረጃ ይሆናችኋል።

ለመንካት የማያሰጋ ሲሆን ደግሞ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ። በመጀመሪያ የራሳችሁን ኢሜይል የይለፍ ቃል ቀይሩ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩም በእናንተ ስልክ እንዲመጣ አድርጉ። ቀጥሎ የዋይፋዩንና የራውተሩን ቃል ቀይሩ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ መመሪያው እንደሚለው ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጋችሁ በራሳችሁ ኢሜይል እንደገና አስገቡ። አፑን ከስልክ ማጥፋት ብቻውን ምንም አይሠራም። በመጨረሻ የበሩን ቁልፍ የቁጥር ኮዶች በሙሉ አጥፍታችሁ አዲስ ስጡ፤ የተጋሩ ሰዎች ዝርዝርንም ተመልከቱ። አንዳንድ ካሜራ እንደ አዲስ ቢደረግ እንኳ የመጀመሪያውን ባለቤት አይለቅም። የዚያን ጊዜ ደረሰኝ ይዞ አምራቹን መጠየቅ፣ ካልሆነም ነቅሎ ማስቀመጥ ነው። እህታችን አሁን ቤቷ ይሞቃል። ለዚህ የበቃችው አዲስ ዕቃ ገዝታ ሳይሆን ያለውን በስሟ አስገብታ ነው።

ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ፣ ወይም የቀድሞ ተከራይ ትቶት የሄደው ቴርሞስታት ባለበት ቤት የምትገቡ ሁሉ ይህንኑ ቅደም ተከተል ተጠቀሙ። የአከራይ ንብረት ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ባለቤቱን ጠይቁ።

ሁለተኛዋ ጥያቄ የእናታችን የአንገት ደወል ነው። ደወሉ አልተበላሸም፤ የሚጮኽበት መንገድ ነው የተዘጋው። በ2022 የአሜሪካ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ሦስተኛውን ትውልድ፣ ስሪ ጂ የሚባለውን መረብ አጠፉ። በእሱ ይሠሩ የነበሩ የአረጋውያን ደወሎችና የቤት ጥበቃ ዕቃዎች መብራታቸው እየበራ፣ ባትሪያቸው እየሞላ፣ ድምፃቸው ግን የትም የማይደርስ ሆነ። ስለዚህ የእናታችሁ ደወል የቆየ ከሆነ ዛሬ ማታ ለድርጅቱ ደውላችሁ "ለሙከራ ልጫነው ነው" በሉና ተጫኑት። ከዚያ በኋላም በየወሩ ሞክሩት። የወሩን ቀን እንዳትረሱ የማኅበራችንን መዋጮ የምትከፍሉበትን ቀን አድርጉት።

በድምፅ የሚታዘዙትን ማሽኖች ለእናቶቻችን የምትገዙ ልጆችም አላችሁ። አሌክሳም ሆነች ሲሪ አማርኛ አይሰሙም። እናታችን "ልጄ፣ መብራቱን አብሪልኝ" ብትላት ያች ማሽን መልስ የላትም። ለእሳቸው የሚሻለው በአልጋው ራስጌ የሚለጠፍ፣ ሲጫኑት መተላለፊያውን የሚያበራ አንድ ቁልፍ ነው። ለድንገተኛ አደጋም እነዚህን ማሽኖች አትተማመኑባቸው፤ ለ911 ስልክ ይኑር። ካሜራ በእናት ክፍል ስታስገቡ ደግሞ አስፈቅዷቸው። የታመመ ሰው ቢሆኑም የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ ማን እንደሚያያቸው የማወቅ መብት አላቸው።

ስለ ኤሌክትሪክ ጥቂት ልጨምር። አሮጌ ቤት አዲስ ዕቃን አንዳንድ ጊዜ የማይቀበለው በሽቦው ምክንያት ነው። የቆየ የበር ደወል ብዙ ጊዜ በ10 ቮልት ይሠራል፤ አዲሱ ባለካሜራ ደወል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 24 ይፈልጋል። ስለዚህ ደወሉ አንዴ እየሠራ አንዴ ቢጠፋ ዋይፋዩን ከመውቀስ በፊት ትራንስፎርመሩን አስፈትሹ። አዲስ ቴርሞስታት ሲ የምትባል ሽቦ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የአሮጌውን ክዳን ከፍታችሁ ሽቦዎቹን ፎቶ አንሡ። ብዙዎቹ አዲስ የግድግዳ ማብሪያዎች ኒውትራል የሚባለውን ሽቦ ይፈልጋሉ፤ በአሮጌ ቤቶች ማብሪያ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለዚህ ሥራ ብሬከር ማጥፋት፣ ያላወቀችም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን መጥራት ነው። አንድ ቀላል ነገርም አለ። ስማርት አምፖል ሁልጊዜ መብራት ማግኘት አለበት። አንድ ሰው ግድግዳው ላይ ካጠፋው አምፖሉ ይደነቁራል፤ በዚግቢ ደግሞ ለሌሎቹ መልእክት ያሻግር ስለነበር እነሱም ሊጠፉ ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚገባበት ሳሎን ከሆነ አምፖሉን ሳይሆን ማብሪያውን መቀየር ይሻላል።

የጭስ ማስጠንቀቂያውን ጉዳይ የተውኩት ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱም ሁላችሁንም ይመለከታል። ቡና ስንቆላ፣ ዕጣን ስናጨስ ይጮኽብናል፤ እኛም ወንበር ላይ ወጥተን ባትሪውን እናወጣለን፤ መመለሱን ግን እንረሳለን። እባካችሁ ይህን ተዉት። ዝም የሚያሰኘውን ቁልፍ ተጫኑ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የምድጃውን ጭስ መሳቢያ አብሩና ከሥሩ ቁሉ። በጀርባው ላይ የተሠራበት ቀን አለ፤ 10 ዓመት ከሞላው ይቀየር። እርስ በርስ እየተጠራሩ አብረው የሚጮኹ ከሆኑም የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ። አምፖል ከአምፖል ጋር ባይግባባ በጨለማ ማምሸት ነው፤ ጭስ ማስጠንቀቂያ ባይግባባ ግን ሰው ይሞታል። ደግሞም ኢንተርኔት ቢጠፋም ራሱን ችሎ መጮኽ የሚችል መሆን አለበት።

ኢንተርኔትን ካነሣሁ፣ አዲስ ዕቃ ስትገዙ የምትጠይቁት ዋናው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ "ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ ኩባንያውም ቢዘጋ ይሠራል ወይ?" በኤፕሪል 2022 ኢንስቲዮን የተባለ ኩባንያ ሰርቨሮቹን ድንገት አጠፋ፤ ብዙ ሰው አፑ አልታዘዝ አለው። ቆይቶ ሌሎች ገዝተው አስነሡት። ኮምፒውተር የሚወድ ልጅ ያላችሁ፣ ሆም አሲስታንት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የዚግቢውን፣ የዚ-ዌቩንና የማተሩን ዕቃ እዚያው ቤት ውስጥ ያግባባል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለልጁም ጥሩ ትምህርት ነው። በሩ ግን ምንጊዜም በተራ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን፤ አንዱን ቁልፍ ለምታምኗት ጎረቤት ስጡ።

በመጨረሻ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። በውስጡ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ የተገዛበትን ዓመት፣ የሚናገረውን ቋንቋ፣ የተመዘገበበትን ኢሜይልና የማስጀመሪያ ኮዱን እንጻፍ። የይለፍ ቃላችንን ግን በዚያ አንጻፍ። ይህ ደብተር ብንታመም ለልጆቻችን፣ ቤት ብንቀይር ለራሳችን ይጠቅማል። "በማን ስም ነው?" የሚለው መስመር ላይ ብዕራችሁ ቢቆም፣ የመጀመሪያው ሥራችሁ እዚያ ጋ ነው።

ሁለተኛው፣ በየወሩ ሁለት ሁለት ሆነን፣ እንደ ዕቁባችን ተራ ይዘን፣ ወደ አንዲት እህት ቤት እንሂድ። አረጋዊ እናት ካላቸውና ብቻቸውን ልጅ ከሚያሳድጉት እንጀምር። ደወሉን እንሞክር፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ቀን እናንብብ፣ ራውተሩን እንይ። ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ሁለት ሰዓትና ንጹሕ ልብ ይበቃል። የምንገባበት ቤት ምስጢርም እዚያው ይቀራል። የምትስማሙ ከሆነ ዛሬ ከቡና በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ፤ የመጀመሪያው ጉብኝት በመጪው ቅዳሜ ይሁን።

ቤታችሁን ፈጣሪ ይጠብቅ።